የገብረየስ ቀኝ እግር

ገብረየስ ካልሲውን ራሱ ማጠብ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳሩ ውስጥ እንኳን ካልሲ መሐረብ አጥቦ የማያውቅ ሰው፣ ከሥራ እንደተመለሰ ቀጥ ብሎ መታጠቢያ ቤት ይገባና በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል። ውኃ ሲንቧቧ ይሰማል። ቆይቶ ካልሲውን ጨምቆ ይወጣና ጓሮ ዞሮ፣ ከሌላው ልብስ ለይቶ ያሰጣዋል። ሚስቱ እታፈራሁ መጀመሪያ ላይ ሳቀችበት። ሳምንት ሲሞላው ሳቁ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት አንድም ቃል ሳትተነፍስ ትከታተለው ጀመር፤ ስልኩ ሲጠራ ጆሮዋ ይቆማል፣ ከሥራ ሲዘገይ ሰዓት ታያለች። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናትና የሚደብቅ ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል አሳምራ ታውቃለች።

ገብረየስ የሚደብቀው ግን እሷ የጠረጠረችውን አልነበረም። በቀኝ እግሩ መርገጫ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቁስል አለ። እንዴት እንደመጣ እሱ ራሱ አያውቅም። ለእህቱ ልጅ ሠርግ የገዛው አዲስ ጥቁር ጫማ ልጦት ይሆናል፣ ወይ ጠጠር ገብቶበት ይሆናል። በሠርጉ ዕለት ሲጨፍር ውሎ ቤቱ ገብቶ ካልሲውን ሲያወልቅ እርጥብ ሆነበት፤ ሲያየው ደም ነው። ከደሙ ይልቅ የገረመው ምንም አለማመሙ ነበር። "ካላመመኝማ ምን ችግር አለው" አለና ተወው።

ሙያው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከለማጅ ጎን ተቀምጦ፣ ቀኝ እግሩን ከእሱ በኩል ካለው ተጨማሪ ፍሬን ላይ አሳርፎ፣ ግማሹን የሀዋሳ ሾፌር አስተምሮ አውጥቷል። መናኸሪያ ቢሄድ፣ ገበያ ቢወጣ፣ ለቅሶ ቤት ቢገባ "ጋሽ ገብረየስ" ብሎ የሚነሣለት ሰው አያጣም። ስኳር አለብህ ከተባለ ደግሞ አሥር ዓመት አልፎታል። የታዘዘለትን እንክብል ሲያዞረው ይውጣል፣ ደህና ሲሆን ይተወዋል። ከሁለት ዓመት ወዲህ እግሩ ይደነዝዘዋል፤ አሸዋ ላይ የቆመ ይመስለዋል። እሱ ይህን የዕድሜ አድርጎ ነው የያዘው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

ለሚስቱ ያልነገራት በወንድሙ ምክንያት ነበር። ደብረ ብርሃን የነበረው ታላቅ ወንድሙም የስኳር ሕመምተኛ ነበር። የእግር ጣቱ ቆስሎ ሆስፒታል ገባ፣ በሦስተኛው ሳምንት ያለ እግር ወጣ፣ ዓመት ሳይደፍን አረፈ። ገብረየስ ሊጠይቀው የሄደ ዕለት ወንድሙ አልጋ ላይ ሆኖ እየሳቀ ነበር ያናገረው። እሱ ግን የሚነገረውን አልሰማም። ዓይኑ ብርድ ልብሱ ላይ ተተክሎ ቀረ። በግራ በኩል ጉልበትና ቅልጥም ብርድ ልብሱን ከፍ አድርገውታል፤ በቀኝ በኩል ከጉልበት በታች ልሙጥ ሆኖ ተኝቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ በልቡ አንድ ነገር ያዘ፦ ሆስፒታል የገባ እግር አይመለስም። እታፈራሁ ቁስሉን ብታይ ደግሞ ያን ዕለት ጎትታ ትወስደዋለች። ስለዚህ በሩን ይቀረቅራል።

ምሥጢሩን ያወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጠሀ። ጠሀ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ጓደኝነታቸው ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ገብረየስ ከሱቁ በስተኋላ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ እግሩን አሳየው።

"ይሄማ ቀላል ነው" አለ ጠሀ አጎንብሶ እያየ። "ማር ነው የሚያስፈልግህ። አያቴ የተቃጠለውንም የተቆረጠውንም በማር ነበር የምታድነው።"

"ስኳር ያለበት ሰው ላይ ማር?"

"ልትበላው ነው እንዴ? ልትቀባው እኮ ነው!"

በማግስቱ ጠሀ ራሱ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ነጭ ማር ይዞለት መጣ። ገብረየስ ማሩን እየቀባ በጨርቅ ማሰር ጀመረ። አንድ የሥራ ባልደረባው ስለ ሌላ ሰው ሲያወራ የሞቀ ውኃ በጨው ቁስል ያደርቃል ሲል ሰማና እሱንም ጨመረ። እሬት ቆርጦ ዝልግልጉን አደረገበት። በመጨረሻም ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ከመድኃኒት ቤት የቴትራሳይክሊን እንክብል ገዝቶ ቀፎውን እየከፈተ ቢጫውን ዱቄት ነሰነሰበት። ዱቄቱ ከማሩና ከሚወጣው ፈሳሽ ጋር ተጋግሮ ጠንካራ ቅርፊት ሠራ። ሲያዩት የደረቀ ይመስላል። ገብረየስ ደስ አለው። "እየዳነልኝ ነው" አለው ለጠሀ። ጠሀም "አላልኩህም?" አለው።

አንድ ቅዳሜ ግን፣ እታፈራሁ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ ውኃ አፍልቶ ሳፋ ውስጥ ገለበጠና ጨው በትኖ እግሩን ነከረ። ሬዲዮ ከፍቶ የኳስ ጨዋታ እየሰማ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጠ። ፎጣ ሲያነሣ እጁ ሳፋው ውስጥ ገባ፤ ጮኾ መልሶ አወጣው። ውኃው ገና ያቃጥላል። እግሩን አውጥቶ ሲያየው ላዩ ቀልቷል፣ ሁለት ቦታ ላይ ውኃ ቋጥሯል። ውኃ የቋጠረውን ቆዳ በጣቱ ነካው። ምንም የለም። የሌላ ሰው እግር የነካ ያህል ነበር።

ያን ዕለት ፈራ። ቢሆንም ለማንም አልተናገረም። እንዲያውም ፍርሃቱ አፉን የባሰ ዘጋው።

በዚያው ሰሞን ከሚያስተምራቸው ለማጆች አንዷ ብርቅዬ ነበረች። ሆስፒታል ውስጥ በቁስል ማጠቢያ ክፍል የምትሠራ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ገደማ የሆናት ነርስ ናት። በሥራዋ ላይ ምን እንደምትመስል ገብረየስ አያውቅም፤ መሪ ስትይዝ ግን እጇ ይንቀጠቀጣል። አደባባይ ስትደርስ ደግሞ ጨርሶ ትደርቃለች። ሁለት ጊዜ ተፈትና ወድቃለች።

"መኪናው አንቺን ነው የሚፈራሽ እንጂ አንቺ እሱን አትፍሪው" ይላታል።

"ጋሽ ገብረየስ፣ ባጃጆቹስ? እነሱም ይፈሩኛል?"

ማክሰኞ ጠዋት ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ተነሥተው ወደ ባህል አዳራሽ በሚወስደው መንገድ እየሄዱ ነበር። መስኮቱ ዝግ ነው። ብርቅዬ ዝም ብላለች፤ አንዴ ሁለቴ አየር እንደምታሸት ሁሉ አፍንጫዋን ቀስ አድርጋ አነሣች። ገብረየስ አላስተዋለም። ድንገት ከግራ በኩል አንድ ባጃጅ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጥፎ ፊታቸው ገባ። ብርቅዬ መሪውን ጨብጣ ደረቀች።

ገብረየስ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ግን አልቆመም። የረገጠ መስሎት ነበር፤ ዝቅ ብሎ ሲያይ እግሩ ከፍሬኑ ጠርዝ ተንሸራቶ ምንጣፉን እየገፋ ነው። በዓይኑ እያየ እግሩን አንሥቶ መልሶ ፍሬኑ ላይ አሳረፈውና ባለ በሌለ ኃይሉ ተጫነው። መኪናው ተንጫጭቶ ከባጃጁ የኋላ ጎማ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ባጃጁ ውስጥ ልጅ የታቀፈች ሴት ነበረች። ዞር ብላ አየቻቸው፤ ባጃጁም መንገዱን ቀጠለ።

ከኋላ ጥሩምባ ሲበዛባቸው ብርቅዬ እንደምንም መኪናውን ዳር አስያዘችና ሞተሩን አጠፋች።

"ይቅርታ" አለች። "እኔ ነኝ የደነገጥኩት።"

"አንቺ አይደለሽም" አለ ገብረየስ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። "እግሬ ነው። እግሬ የት እንዳለ አላወቅሁም።"

ብርቅዬ ወደ ታች አየች። በቀኝ ጫማው ስፌት በኩል እርጥብ ነገር ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ታትሟል።

"ጋሽ ገብረየስ፣ ስኳር አለብዎት አይደል?"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። ሽታው ነው የነገረኝ። ከተነሣን ጀምሮ እየሸተተኝ ነው፤ እንዳላሳፍርዎ ብዬ ዝም አልኩ። በየቀኑ የማሸተው ነገር ነው። ጫማዎን ያውልቁልኝ።"

"መንገድ ላይ?"

"መንገድ ላይ።"

እንቢ ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የባጃጇ ሴት ልጇን አቅፋ ዞር ያለችበት ፊት መጣበት። ጎንበስ ብሎ ማሠሪያውን ፈታ። መሪ ሲይዝ የሚንቀጠቀጠው የብርቅዬ እጅ ያንን እግር ሲይዝ እንደ ድንጋይ ጸና። ጨርቁን ፈታች፣ ቅርፊቱን አየች፣ ዙሪያውን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። በቅርፊቱ ጠርዝ በኩል መግል ብቅ አለ። ቅላቱ እስከ እግሩ ጀርባ ወጥቷል።

"ከላይ ደርቋል እንጂ ከሥር እየበላ ነው" አለች። "አሁኑኑ ሆስፒታል እንሄዳለን።"

"ነገ እሄዳለሁ።"

"ነገ አይሆንም።"

"ይቆርጡኛል ብርቅዬ!" አለ። ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ መናገሩ ነበር። ዓይኑ እንባ ቋጠረ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ወንድሜን ቆርጠውታል።"

ብርቅዬ አላባበለችውም። ጨርቁን በቀስታ መልሳ አሰረችለት። "ምን እንደሚሆን እኔም አላውቅም፤ አልዋሽዎትም" አለች። "የማውቀው ቶሎ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለት እግሩ እንደሚሄድ ነው። እኔ አጥቤ የሸኘኋቸው ብዙ ናቸው። ቀበቶዎን ይሰሩ።"

ሞተሩን አስነሣች። ገብረየስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለማጅ ጎን ተቀምጦ አንድም ነገር አላዘዘም። እሷም ማርሽ ሳታጋጭ፣ አደባባዩን ሳትደርቅ ዞራ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ አደረሰችው። እንዴት አሳምራ እንደነዳች ሁለቱም አላስተዋሉትም።

ሐኪሙ ዶክተር ናትናኤል ይባላል፤ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል ወጣት ነው። ቁስሉን አስከፍቶ ካየ በኋላ "ምን ምን አደረጉበት?" ሲል ጠየቀ። ገብረየስ ሁሉንም ዘረዘረ፤ ማሩን፣ ጨውና ሙቅ ውኃውን፣ እሬቱን፣ ዱቄቱን። ቁጣ ጠብቆ ነበር፤ ዶክተሩ ግን ራሱን ነቅንቆ ጻፈና ከኪሱ ጫፉ ላይ ቀጭን የናይለን ክር ያለው ነገር አወጣ።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን ስነካዎት 'አዎ' ይበሉኝ።"

ገብረየስ ጨፍኖ ጠበቀ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማዋል። ከውጭ ሰው ያስላል። ጠበቀ።

"መቼ ነው የሚጀምሩት ዶክተር?"

"ጨርሻለሁ" አለ ዶክተሩ። "አሥር ቦታ ነካሁዎት።"

ገብረየስ ዓይኑን ገልጦ እግሩን አየ። ለካ ከእሱ ጋር የሚሄደው እግር ምንም የማይነግረው ሆኗል። ዶክተሩ ቀጥሎ ሁለት ጣቶቹን የእግሩ ጀርባ ላይ አሳርፎ፣ ቦታ እየቀያየረ ጫን ጫን አደረገ። ገብረየስ ትንፋሹን ያዘ።

"የደም ሥሩ ይመታል" አለ ዶክተሩ። "ደም ይደርሳል ማለት ነው። ይሄ በጣም ጥሩ ነገር ነው። አሁን ቁስሉን እናጸዳና አጥንቱን በራጅ እናያለን። ከአጥንቱ ከደረሰ አንድ ነገር ነው፤ ካልደረሰ ሌላ።"

ራጁ ተነሣ። ውጤቱን ለመጠበቅ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ብርቅዬ በእሱ ስልክ፣ ፈቃዱን ሳትጠይቅ፣ ለእታፈራሁ ደውላ ነበር። እታፈራሁ ክፍሏን ለሌላ አስተማሪ ትታ፣ በእጇ ጠመኔ እንደያዘች መጣች። ፊቱ ቆመች። እግሩን አየች፤ ፋሻውን፣ ከፋሻው በላይ ያለውን ቅላት፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ካልሲ።

"ይሄ ነው?" አለች።

"ይሄ ነው።"

"ካልሲ የምታጥበው ለዚህ ነው?"

"አዎ።"

እታፈራሁ አጠገቡ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያለቀሰች መሰለው፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቀና ስትል ግን ሳቅና ልቅሶ ተደባልቆባታል። "እኔ እኮ ሴት ይዘሃል ብዬ ነበር!" አለች። "ሽቶዋ እንዳይሸተኝ የምታጥበው መስሎኝ! ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። ለእናቴ ልነግራት ስልክ አንሥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ።"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"ምን ላድርግ ታዲያ? በር ትቀረቅራለህ!" ሳቋ ድንገት ቆመና ክንዱን ያዘችው። "ገብሬ፣ ሴት ቢሆን ይሻል ነበር። ይሄን ብቻህን ይዘኸው ስትዞር..." አልጨረሰችውም።

ዶክተር ናትናኤል ራጁን ይዞ ሲወጣ ሁለቱም ተነሡ። "አይነሡ፤ በተለይ እርስዎ አይነሡ" አለ። "አጥንቱ ደህና ነው። ኢንፌክሽኑ ሥጋው ላይ ነው ያለው። እግርዎን አንቆርጥም።"

ገብረየስ የሰማ አይመስልም ነበር። "ጣቴንስ?"

"ጣትዎንም አንቆርጥም። አምስት ቀን ግን ይተኛሉ፤ መድኃኒቱ በደም ሥር ይሰጣል፣ ስኳሩም በኢንሱሊን ይስተካከላል።"

ከዚያ በኋላ ዶክተሩ የነገረውን ገብረየስ በልቡ ጽፎ ያዘው። ስለ ማሩ ሲጠይቀው ዶክተሩ አልሳቀም። "ማር ለቁስል የሚሆንበት ጊዜ አለ" አለ። "እሱ ግን ጀርም እንዳይኖረው ሆኖ ለቁስል ተብሎ የሚዘጋጅ ነው፤ የሚደረገውም ቁስሉ ከጸዳና በሐኪም ከታየ በኋላ ነው። የገበያ ማር ላይ ምን እንዳለ አናውቅም። ሙቅ ውኃው አቃጥሎዎታል፤ ዱቄቱ ደግሞ መግሉን ከላይ ከደነው። እርስዎ የዳነ መሰለዎት፣ እሱ ከሥር ሰፋ።"

"ወንድሜ ግን ሆስፒታል ሄዶ ነው የተቆረጠው" አለ ገብረየስ።

"ወንድምዎን አላየኋቸውም። ከቆሰሉ ምን ያህል ጊዜ ቆይተው ነው የሄዱት?"

ገብረየስ አሰበ። ወንድሙም ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ለወራት ቤቱ ተቀምጦ ነበር። የእግሩ ጣት ጠቁሮ ነው የሄደው። ይህን ሁልጊዜ ያውቀው ነበር፤ አስቦት ግን አያውቅም። ዶክተሩም መልሱን አልጠበቀም፤ ትከሻውን መታ አድርጎት ሄደ።

አምስተኛው ቀን ላይ ገብረየስ ከሆስፒታል ወጣ። የሚወጣ ዕለት ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ ያየው ብርድ ልብሱን ነበር፤ በሁለቱም በኩል ከፍ ብሏል። ተረኛዋ ነርስ ገብታ "ምን ሆነው ነው የሚስቁት?" አለችው። እንዴት ብሎ ያስረዳታል?

ከባዱ ነገር ቤት ከገባ በኋላ መጣ፤ መቀመጥ። ዶክተሩ ደጋግሞ ያስጠነቀቀው ይህን ነው፦ መድኃኒቱም ማጠቡም ይረዳል፣ ቁስሉን የሚዘጋው ግን አለመርገጡ ነው። ፊቱ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በተረከዝ ብቻ የሚያስረግጥ ጫማና ሁለት ክራንች ሰጡት። በየሁለት ቀኑ በባጃጅ ሄዶ ብርቅዬ ታጥብለታለች። እታፈራሁ የኢንሱሊኑን መርፌ ከእሱ ቀድማ ለመደች፤ የሚበላውን ትመጥናለች፤ ማታ ማታ ትንሽ መስታወት ከግራ እግሩ ሥር ይዛ እሱንም ትመረምራለች። "የቤት ሥራህን አሳየኝ" ትለዋለች። እሱም እግሩን ይዘረጋል።

ጠሀ ሊጠይቀው ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር የገባው። ብርቱካን ይዞ መጥቷል።

"በኔ ምክንያት እግርህን ልታጣ ነበር" አለ።

"አንተ ምን አደረግክ? የፈለግከውን ያህል ብትለምነኝ ሆስፒታል አልሄድም ነበር እኮ።"

"አልለመንኩህማ። ማር ነው ያመጣሁልህ።"

እታፈራሁ ሻይ አቀረበችና ጠሀን ትኩር ብላ አየችው። "አንተስ ስኳርህን ተለክተህ ታውቃለህ?"

ጠሀ የሻዩን ስኒ አስቀመጠና "ከአራት ዓመት በፊት ትንሽ አለ ተብዬ ነበር" አለ። ገብረየስ ሃያ ዓመት ሲያውቀው ይህን ሰምቶ አያውቅም። እታፈራሁ ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ "ካልሲህን አውልቅ" አለችው፣ ክፍል ውስጥ ልጅ እንደምታዝ። ተረከዙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበር። በማግስቱ ሁለቱ ጓደኛሞች በአንድ ባጃጅ ሄዱ። የጠሀ ስንጥቅ ገና ስለሆነ በቅባትና በአዲስ ጫማ አለፈ፤ መድኃኒቱንም ጀመረ።

ቁስሉ ታኅሣሥ ላይ ጠቦ የባቄላ ያህል ሆኖ ነበር። ታዲያ በዚያ ወር የጎረቤታቸው እናት አረፉ። ድንኳኑ የተተከለው ከገብረየስ በር አምሳ ሜትር ርቀት ላይ ነው። እታፈራሁ "ተቀምጠህ አልቅስ፣ ቀብር ግን አትሄድም" ብላው ነበር። እሱ ግን ሰው ሁሉ ሬሣ ተከትሎ ሲወጣ፣ እሱ ባንድ እግሩ ትልቅ ጫማ አድርጎ እንደ እንግዳ መቀመጡ አሳፈረው። ማንም ሳያየው ቤቱ ገብቶ ጥቁሩን ጫማ አጠለቀና እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ሸኘ።

ሲመለስ ካልሲው ረጥቦ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ክፍት ነው። ተነሣና እታፈራሁ ወዳለችበት ወደ ኩሽና ሄደ፤ ካልሲውን አወልቆ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

"ቀብር ሄድኩ" አለ።

እታፈራሁ ካልሲውን አየች፣ እሱን አየች። ልትቆጣ እንደነበር ከአፏ ያስታውቃል። "ነግረኸኛል" አለች በመጨረሻ። "ልብስህን ቀይር፤ እንሂድ።"

ዶክተር ናትናኤል "ቁስሉን ሦስት ሳምንት ወደኋላ መለሱት" አለው፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ገብረየስ ጥቁሩን ጫማ ለሰው ሰጠ። ለቀጣዩ ለቅሶ ክራንቹን ይዞ፣ ያንን አስቀያሚ ጫማ አድርጎ ሄደና ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ሰው እግሩን ሲያይ፣ ምን እንደሆነ እየጠየቀ ወንበሩን ወደ እሱ ያስጠጋ ነበር። አንዱ ሽማግሌ "የኔም እግር ይደነዝዘኛል" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ገብረየስ የቁስል ክፍሉ በየትኛው በር እንደሆነ ነገራቸው።

በየካቲት መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ብርቅዬ ፋሻውን ፈታችና እጇን አቆመች። ከዚያም ዶክተሩን ጠራችው። ዶክተር ናትናኤል መብራቱን አስጠጋ፣ በጓንቱ ጣት ጫን አለ፣ ዙሪያውን አየ። እታፈራሁ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ጠምዝዛ ጠምዝዛ ገመድ አድርጋዋለች።

"ተዘግቷል" አለ።

እታፈራሁ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። ገብረየስ ደግሞ ከደረቱ ላይ አንድ ሰው የተነሣለት ያህል ረጅም ትንፋሽ ወጣው። ብርቅዬ አቀፈችው። ባለፈው ሳምንት በሦስተኛ ጊዜዋ ፈተናውን አልፋለች፤ ይህን ግን ለመናገር ዛሬን ጠብቃ ነበር። "ሲስተር!" አለ ገብረየስ እጇን ይዞ። "ከዛሬ ጀምሮ ባጃጆቹ ይፍሩሽ።"

ዶክተሩ ደስታውን ሳያደፈርስ የቀረውን ነገረው። ቆዳው ገና ስስ ስለሆነ መሄዱን በትንሽ በትንሹ መጀመር አለበት። አንዴ የቆሰለ ቦታ መልሶ ሊቆስል ስለሚችል ጫማ ሲያደርግ ውስጡን በእጁ መዳሰስ፣ እግሩን በየቀኑ ማየት የዕድሜ ልክ ሥራው ነው። ስሜቱ ግን ምናልባት አይመለስም።

"ስለዚህ ፍሬን..." አለ ገብረየስ።

"ይሄን እርስዎ ያውቁታል" አለ ዶክተሩ።

ገብረየስ ያውቀው ነበር። በዚያው ሳምንት ማሠልጠኛው ሄዶ ኃላፊውን "ከእንግዲህ መኪና ውስጥ አታስቀምጡኝ፤ እግሬን አላምነውም" አለው። ይህን ሲናገር የሚያዝን መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ቀለለው። ኃላፊው ትንሽ አሰበና የንድፈ ሐሳብ ክፍሉን ሰጠው፤ የመንገድ ምልክት፣ የቅድሚያ ሕግ፣ የሞተር አሠራር። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ወንበር፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና አንድ የአስተማሪ ጠረጴዛ አለ።

ሰኞ ጠዋት እታፈራሁ ወደ ትምህርት ቤቷ ስትሄድ አብሮ ወጣ። ሰፋ ብሎ የተሠራለትን ለስላሳ ጫማ አድርጓል። እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ድረስ ያለውን መቶ እርምጃ ጎን ለጎን፣ ቀስ ብለው ሄዱ።

"ዛሬ ሁለታችንም አስተማሪ ነን" አለች። "ጠመኔ አለህ?"

የለውም። ከቦርሳዋ ሁለት አወጣችና በሸሚዙ ኪስ ከተተችለት። ባጃጁ መጣ፤ እሷ መጀመሪያ ገባች፣ እሱ ተከትሏት ገባና እግሩን አስተካክሎ ተቀመጠ።